የዶንግጓና የአሳማ ጎድን ሾርባ፦ ስለ አሠራሩና ስለ ምግብነት ይዘቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ሾርባ ምን ዓይነት ምግብ ነው?

ቻይናውያን «ዶንግጓ ፓይጉ ታንግ» ይሉታል። «ዶንግጓ» የዱባ ዘመድ የሆነው አትክልት፣ «ፓይጉ» ጎድኑ፣ «ታንግ» ደግሞ ሾርባው ነው፤ ስሙ ከሚናገረው ውጭ የተደበቀ ነገር የለውም። በትንንሹ የተቆረጠ የአሳማ ጎድን ከዝንጅብል ጋር ለረጅም ጊዜ በዝግታ ይቀቀላል፣ ሊወርድ ሲቃረብ ዶንግጓው ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም ጨው ይገባበታል። ሽንኩርት ስለማይቁላላበትና ዘይት ስለማይጨመርበት፣ ቀለሙም ከንጹሕ ውኃ ብዙም ስለማይርቅ፣ ወጥ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ያልበሰለ ሊመስለው ይችላል። ጣዕሙ የሚታወቀው ሁለተኛውና ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ነው።

ሾርባው ከድግስ ይልቅ የቤት ምግብ ነው። በደቡብ ቻይና፣ በተለይም በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ሾርባ ከዋናው ምግብ በፊት ይጠጣል፤ በሰሜኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምግቡ ጋር ወይም በመጨረሻ ይቀርባል። በሰሜን ያሉ ቤተሰቦች ጎድኑን ትተው በተፈጨ ሥጋ ድብልብል የሚሠሩት ዓይነትም አላቸው፤ እርሱ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይደርሳል።

ዶንግጓ ሀብሐብ ነው ወይስ ዱባ?

ሁለቱም አይደለም፤ ነገር ግን የሁለቱም ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቤኒንካሳ ሂስፒዳ ሲሆን ዱባ፣ ሀብሐብና ኪያር ከሚገኙበት ቤተሰብ ይመደባል። በቻይንኛ አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ አባላት «ጓ» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ፦ ሀብሐብ «የምዕራብ ጓ»፣ ዱባ «የደቡብ ጓ»፣ ኪያር «ቢጫ ጓ»፣ ዶንግጓ ደግሞ «የብርድ ወራት ጓ» ማለት ነው። «ዶንግ» የሚለው ድምፅ «ምሥራቅ» ማለትም ስለሚሆን፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የደቡብ ጓ እያለ የሰሜኑ የት ጠፋ የሚል የቆየ ቀልድ አላቸው።

የሚበቅለው በሙቀት ወራት ሆኖ ሳለ ስሙ ከብርድ ጋር የተያያዘበት ምክንያት በሁለት መንገድ ይነገራል። አንደኛው፣ ፍሬው ሲበስል ልጣጩን ውርጭ የመሰለ ነጭ ሰም ስለሚሸፍነው ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው ሰም ውኃውን አምቆ ስለሚይዝለት ሳይቆረጥ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ከተቀመጠ ለወራት ሳይበላሽ ቆይቶ ብርዱ ሲገባ ስለሚበላ ነው የሚል ነው። አንዱ ፍሬ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል በገበያ ላይ እንደ ዱባ በቁራጭ ይሸጣል። ውስጡ ነጭ ሲሆን ለብቻው ሲበላ ጣዕም አለው ለማለት ያስቸግራል፤ ለሾርባ የተመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው፣ አብሮት የተቀቀለውን ነገር ጣዕም ሁሉ ይመጥጣልና።

የሚጠጣበት ወቅት አለው?

ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ዋናው ወቅቱ ግን ቻይናውያን «ሳንፉ» የሚሉት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ ተነሥቶ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የሚዘልቀው የሐሩር ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በዝናብና በጭጋግ በምትሸፈንበት በዚያ ሰሞን የደቡብ ቻይና ከተሞች በወበቅ ይታፈናሉ። በዚያ ሙቀት ትኩስ ሾርባ መጠጣት ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን በላብ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ፣ የምግብ ፍላጎት በሚጠፋበት ጊዜ በቀላሉ የሚወርድ ምግብ በመሆኑ ልማዱ ያለ ምክንያት አልቆየም።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ለአራት ሰው 500 ግራም የአሳማ ጎድን፣ ተልጦ የተጣራ 600 ግራም ዶንግጓ፣ 2 ሊትር ያህል ውኃ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከተገኘ ጥቂት አረንጓዴ ሽንኩርት ወይም የድንብላል ቅጠል፣ እንዲሁም ነጭ ቁንዶ በርበሬ ሲወርድ ይነሰነስበታል።

የሾርባው ጥራት የሚወሰነው በመጀመሪያው ዝግጅት ነው። ጎድኑ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር እየሆነ ከተቆረጠ በኋላ ደሙ እንዲወጣ ለግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም በአዲስ ቀዝቃዛ ውኃ ከሁለትና ሦስት የዝንጅብል ቁራጭ ጋር ተጥዶ ለጥቂት ደቂቃ ይፈላል። ውኃው ከመጀመሪያ ቀዝቃዛ መሆን ያለበት፣ ሥጋው ቀስ በቀስ ሲሞቅ ደሙና የሚረጋው ፕሮቲን በግራጫ አረፋ መልክ ስለሚወጣ ነው፤ በፈላ ውኃ ውስጥ ከተጨመረ ግን የሥጋው ገጽ ቶሎ ስለሚበስል ቆሻሻው ውስጡ ይቀራል። ይህ የመጀመሪያ ውኃ ይደፋል፣ ጎድኑም በሞቀ ውኃ ይታጠባል። ብዙ ሰው ጣዕሙን የምደፋ ይመስለኛል እያለ ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ የሚያገኘውም የደፈረሰና የሚከረፋ መረቅ ነው።

ቀጥሎ ጎድኑ በሸክላ ድስት ወይም ወፍራም ታች ባለው ድስት ከትኩስ ውኃና ከቀሪው ዝንጅብል ጋር ይጣዳል። አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱ ዝቅ ተደርጎ፣ የውኃው ገጽ ብቻ ጥቂት ጥቂት እየተንተከተከ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። በመሃል ውኃ ከጎደለ የሚጨመረው የፈላ ውኃ ነው። ዶንግጓው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቁራጭ ተከትፎ የሚገባው ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ሲሆን፣ የዶንግጓው ነጭ ቁራጭ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ድረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይሟሟል። ጨው በመጨረሻ የሚጨመረው መረቁ በእሳት ላይ እያለ መጠኑ ስለሚቀንስ ነው፤ በመጀመሪያ የተመጠነ ጨው በመጨረሻ ይበዛል።

በፕሬሸር ኩከር መሥራትም ይቻላል። ጎድኑ 20 ደቂቃ ያህል ከበሰለ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ዶንግጓው በክፍት ድስት ይቀቀላል። በጓንግዶንግ «ላው ፎ ቶንግ» ማለትም «የረጅም እሳት ሾርባ» የሚባለውን የሚወዱ ሰዎች ዶንግጓውን ከነልጣጩ አጥበው፣ ከደረቀ የመንደሪን ልጣጭና ገብስ ከሚመስለው «ዪሚ» ከተባለው ፍሬ ጋር ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ያቆዩታል፤ ውጤቱ ከላይ ከተገለጸው የበለጠ ጥቁር ያለና መዓዛው የጠነከረ ነው።

አንድ ሳህን ሾርባ ምን ያህል ኃይልና ገንቢ ምግብ ይሰጣል?

በሁለቱ ግብዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። 100 ግራም ጥሬ ዶንግጓ 96 ግራሙ ውኃ ሲሆን የሚሰጠው ኃይል 13 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 3 ግራም፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ከግማሽ ግራም በታች ነው። 100 ግራም ጥሬ የአሳማ ጎድን ሥጋ በአንጻሩ ወደ 270 ካሎሪ፣ 16 ግራም ያህል ፕሮቲንና ከ20 ግራም በላይ ስብ ይዟል። ከ500 ግራም ጎድን ውስጥ አጥንቱ ተቀንሶ የሚበላው 350 ግራም ያህል ነው ብለን ብናሰላ፣ ከላይ በተጠቀሰው መጠን የተሠራው ሾርባ ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ሰው በግምት 250 ካሎሪ፣ 14 ወይም 15 ግራም ፕሮቲንና 19 ግራም ገደማ ስብ ይደርሰዋል።

ይህ ስሌት ሥጋው፣ አትክልቱና መረቁ ከነስቡ ተጠቃሎ ሲበላ የሚሠራ ነው። ሾርባው ቀዝቅዞ ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ካደረ ስቡ ነጭ ሆኖ ከላይ ስለሚረጋ በማንኪያ ማንሣት ይቻላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአሳማ ስብ ወደ 115 ካሎሪ ስለሚይዝ ይህች ትንሽ ሥራ የምግቡን ሚዛን በእጅጉ ትለውጣለች።

ከቫይታሚኖች መካከል በቅድሚያ የሚጠቀሰው ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 ነው። የአሳማ ሥጋ በዚህ ቫይታሚን ከበሬ ሥጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሾርባው አብሮት የሚበላው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ታያሚን የጎደለው መሆኑንና፣ በዚህ እጥረት የሚመጣው ቤሪቤሪ የተባለ በሽታ በሩዝ በሚኖሩ የእስያ ሕዝቦች ዘንድ ለረጅም ዘመን ሕይወት የቀጠፈ መሆኑን ስናስታውስ፣ ሩዝና የአሳማ ሥጋን አንድ ማዕድ ላይ ማድረግ ከጣዕም ያለፈ ጥቅም እንደነበረው እንረዳለን። ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ቫይታሚን ቢ12ም ከሥጋው ይገኛሉ።

ቫይታሚን ሲውስ ምን ይሆናል?

ጥሬ ዶንግጓ በ100 ግራም 13 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ከፊሉ በሙቀት ይጠፋል፣ ከፊሉም ወደ መረቁ ይወጣል። አትክልቱ በመጨረሻ መግባቱና መረቁ መጠጣቱ ጥፋቱን ይቀንሰዋል። የሆነ ሆኖ ለቫይታሚን ሲ ብሎ ይህን ሾርባ የሚሠራ ሰው ብርቱካን ቢበላ ይቀለዋል።

የሚጠቅመው መረቁ ነው ወይስ ሥጋው?

በቻይናም ሆነ በአገራችን «ኃይሉ በመረቁ ውስጥ ነው» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ለታማሚ መረቁ ተሰጥቶ ሥጋውን ሌላው የሚበላበት ጊዜም አለ። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ለረጅም ሰዓት ቢቀቀልም አብዛኛው ፕሮቲን ከሥጋው አይወጣም፤ ወደ መረቁ የሚገባው ጥቂት ፕሮቲን፣ ጄላቲን፣ ስብ፣ በውኃ የሚሟሙ ቫይታሚኖችና ማዕድናት፣ እንዲሁም መረቁን የሚያጣፍጡ ውሕዶች ናቸው። መረቁ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ውኃ ይተካል፣ ጉሮሮን ያሞቃል፤ ሰውነት የሚገነባው ግን ሥጋው ነው። ስለዚህ ለታማሚም ቢሆን ሥጋውን አልሞ ከመረቁ ጋር መስጠት ይሻላል።

የአጥንት መረቅ የካልሲየም ምንጭ ነው መባሉም በዚሁ ይታያል። በአጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ የጠጠረ በመሆኑ በፈላ ውኃ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ሲሰጥ፣ ከአንድ ሳህን መረቅ የሚገኘው ከዚህ ጋር ለንጽጽር የሚበቃ አይደለም። ጥቂት አቼቶ መጨመር መጠኑን ከፍ ቢያደርገውም መረቁን ወተት አያደርገውም።

እንደ ወተት የነጣ መረቅም የካልሲየም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ንጣቱ የሚመጣው ኃይለኛ ፍላት ስቡን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ሰባብሮ ከውኃው ጋር ሲያዋሕደው ነው፤ የበለጠ የነጣ መረቅ የበለጠ ስብ የተቀላቀለበት ነው ማለት ነው። የዶንግጓ ሾርባ በዝግታ የሚሠራውና የጠራ እንዲሆን የሚፈለገውም ስቡ ከላይ ተንሳፍፎ እንዲገፈፍ ጭምር ነው።

የፊት ቆዳን ያሳምራል ስለሚባለው ኮላጅንም ይጠየቃል። ከጅማትና ከቆዳ የሚወጣው ኮላጅን ሲቀቀል ጄላቲን ይሆናል፤ ሲበላ ደግሞ እንደማንኛውም ፕሮቲን በሆድ ውስጥ ይፈጫል እንጂ እንዳለ ተጉዞ ፊት ላይ አያርፍም። ጄላቲን ትሪፕቶፋን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ስለሌለው ብቻውን የተሟላ ፕሮቲን አይባልም።

ክብደት ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው?

ዶንግጓ ስብ አያቀልጥም። በውስጡ ስኳር ወደ ስብ እንዳይለወጥ የሚከለክል ነገር አለ እየተባለ በቻይና በሰፊው የሚነገረውም በሰው ላይ በአስተማማኝ ጥናት አልተረጋገጠም። ሽንት ያበዛል የሚባለው እውነት ቢሆን እንኳ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ሚዛኑ ላይ የታየው ልዩነት በሚቀጥለው ብርጭቆ ይመለሳል። የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው፦ ብዙ ቦታ ይዞ ጥቂት ካሎሪ ስለሚሰጥ ሳህኑን በእርሱ የሞላ ሰው ሩዙንና ጥብሱን መቀነስ ይቀለዋል። ስብ የበዛበት ጎድን አብሮት ካለ ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ለዚህ ዓላማ የሚሠራው ሰው ቀይ ሥጋ ቢመርጥና ስቡን ቢገፍፍ ይበጀዋል።

«ቀዝቃዛ» ምግብ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ምግቦች በሰውነት ላይ ያሳድራሉ በሚባለው ተጽዕኖ ሞቃት፣ ለዘብተኛና ቀዝቃዛ ተብለው ይከፈላሉ፤ ይህ ከምግቡ ሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም። ዶንግጓ ከቀዝቃዛዎቹ ወገን ተመድቦ ሙቀት ያበርዳል፣ ሽንት ያወርዳል፣ እብጠት ይቀንሳል ይባልለታል። ዝንጅብሉ የሚገባውም የሥጋውን ጠረን ለማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሞቃት በመሆኑ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ነው። የደረቀው ልጣጭና ዘሩ በባህል መድኃኒት ቤቶች ለብቻቸው ይሸጣሉ። ይህ አከፋፈል የራሱ ሥርዓት ያለው የቆየ እውቀት እንጂ የካሎሪና የቫይታሚን መለኪያ ስላልሆነ፣ አንዱን በሌላው መመዘን ሁለቱንም ያዛባል ብዬ አምናለሁ።

መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

በመጀመሪያ የሪህ ሕመም ያለበት ሰው ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ፑሪን የተባለ ውሕድ በውኃ ስለሚሟሟ ለረጅም ጊዜ በተቀቀለ መረቅ ውስጥ ይከማቻል፤ በሰውነት ውስጥም ወደ ዩሪክ አሲድ ይለወጣል። ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ከመረቁ መራቅ፣ በሌላው ጊዜም በጥቂቱ መውሰድ ያስፈልጋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ጨውን ይመልከት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ከላይ በተጻፈው መጠን አንድ ሳህን 1.5 ግራም ገደማ ይይዛል፣ የአኩሪ አተር ሶስ ወይም የዶሮ ጣዕም ያለው የታሸገ ቅመም ከተጨመረ ደግሞ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። የኩላሊት ሕመምተኛ የሾርባውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። የስኳር ሕመምተኛን ዶንግጓው አያሳስበውም፤ የሚቆጠረው አብሮ የሚቀርበው ሩዝ ነው።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ምን ያድርግ?

የአብዛኛው አንባቢያችን ጥያቄ ይህ ነው። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ በእስራኤል ያለው ወገናችንም አሳማ አይበላም። መልሱ ከቻይና ራሷ ይገኛል፤ ሁዪ የተባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ዶንግጓን ከበግ ሥጋ ጋር ይሠሩታል፣ በሰሜኑ ክፍልም የበግ ሥጋ ድብልብል ከዶንግጓ ጋር የታወቀ ምግብ ነው። የበግ ጎድን በተመሳሳይ አሠራር ይሠራል፤ ዝንጅብሉን ግን በእጥፍ ማድረግ ይገባል። በዶሮ የሚሠራው በ45 ደቂቃ ይደርሳል፣ ስቡም ቆዳው ከተነሣ ያነሰ ነው። የሚቀንሰው በዋናነት የታያሚኑ መጠን ነው።

ለጾም ደግሞ የቻይና ቡድሂስቶች ሥጋ በሌለበት የሚያበስሉትን መከተል ይቻላል፦ የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ በሞቀ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ራሱ ተጣርቶ መረቅ ይሆናል። ፕሮቲን እንዲኖረው ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ይጨመርበታል።

ለንግድ ወደ ጓንግዶንግ ዋና ከተማ ወደ ጓንግዡ የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን በምግብ ቤት ሲያዙ በዶንግጓ ስም ብቻ እንዳይወስኑ መጠንቀቅ አለባቸው። በቻይንኛ «ሥጋ» ብቻ ሲባል በልማድ የአሳማ ነው፤ የሌላው እንስሳ ከሆነ ስሙ አብሮ ይጠራል። አረንጓዴ የሐላል ምልክት ያለበት ቤት ውስጥ ጥርጣሬው አይኖርም።

ዶንግጓ ካልተገኘ በምን ይተካል?

በአሜሪካና በአውሮፓ በቻይናና በሕንድ ሱቆች፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በሕንድ ሱቆች መፈለግ ይቻላል፤ ሕንዶች ከዚሁ ፍሬ «ፔታ» የተባለውን የአግራ ከተማ ጣፋጭ ስለሚሠሩ በደንብ ያውቁታል። በአገር ቤት ቅርቡ ምትክ ዙኩኒ ነው። ቶሎ ስለሚለሰልስ የሚገባው ሾርባው ሊወርድ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው። የበሰለ ዱባ መረቁን ስለሚያጣፍጠውና ስለሚያወፍረው ሌላ ሾርባ ይሆናል፤ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም።

የተረፈው እስከ መቼ ይቆያል?

ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት መተው የለበትም። በጥልቀት በሌለው ዕቃ ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ከገባ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ሲወጣም የሚበላው ብቻ ተቀንሶ በደንብ ይፈላል። ዶንግጓው በማግስቱ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ በረዶ ቤት ከገባ ግን ውኃውን ለቅቆ ስፖንጅ ይመስላል። አስቀድሞ ለማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ጎድኑንና መረቁን ብቻ አቀዝቅዞ ያስቀምጥ፤ አትክልቱን በሚቀርብበት ቀን ትኩስ ይጨምርበት።